በቤት በተሠራ መሣሪያ ኩንግ ፉ መለማመድ፦ እጅ ሳይጎዳ፣ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። ጆንያ ያገኛል፣ አሸዋ ይሞላል፣ ይሰቅላል፣ በባዶ እጁ መደብደብ ይጀምራል። በሳምንቱ እጁ ያብጣል። ልምምዱም እዚያው ያበቃል።

እኔም የገባሁት በዚሁ በር ነው። አሸዋ የሞላሁት ጆንያ በመጀመሪያው ቀን ደህና ነበር። በሦስተኛው ቀን አሸዋው ወደ ታች ወርዶ የታችኛው ግማሽ ድንጋይ ሆኗል፣ ላይኛው ደግሞ ልፍስፍስ ብሏል። ሳልነካካው በሙሉ ኃይሌ መታሁት። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት በቀኝ እጄ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ማንሳት አልቻልኩም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙልኝ። ዕቃው ሁልጊዜ ከእጃችሁ የለሰለሰ ይሁን። እግራችሁ ደግሞ ከእጃችሁ ቀድሞ ይሠልጥን። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የተሠራው በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ ስለሆነ እባካችሁ አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነ የግድግዳ ከረጢቱን (ደረጃ 3 እና 4) ተዉት። አጥንት የሚያድገው ጫፉ አካባቢ ነው፣ ያ ቦታ ደግሞ ተደጋጋሚ ምት አይችልም። አቋም፣ ዱላ፣ እንዲሁም በጓንት የሚመታ ለስላሳ ከረጢት ይበቃችኋል።

እጃችሁ፣ አንጓችሁ ወይም ትከሻችሁ ከዚህ በፊት ተሰብሮ ወይም ወልቆ የሚያውቅ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ጠይቁ።

«የብረት መዳፍ» የሚባለውን፣ ማለትም መዳፍን በጠጠርና በብረት ጥራጊ ከረጢት ላይ ማጠንከርን፣ ብቻችሁን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። እሱ አስተማሪ አጠገባችሁ ቆሞ የሚሠራ ነገር ነው። ፎርምም (በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ስብስብ) ቢሆን ከአስተማሪ ተማሩ። እዚህ ያለው በትምህርቱ ቀናት መሐል ቤት ውስጥ የምትሠሩት ነው።

ደረጃ 1፦ ቦታውን አዘጋጁ

ለአቋምና ለቡጢ 2 ሜትር በ2 ሜትር ይበቃል። እጃችሁን ዘርግታችሁ ቦታችሁ ላይ አንድ ዙር ዙሩ። የሚነካችሁ ነገር ካለ አንሱት። የሚንሸራተት ምንጣፍ አውጡ። ወለሉ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ከሆነ በባዶ እግር ከመዝለል ይልቅ ሶሉ ቀጭንና የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ።

ስልካችሁን በወገብ ቁመት፣ 3 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና ራሳችሁን ቅረጹ። ብቻውን ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አራሚ የለም። ጉልበታችን ትክክል የቆመ ይመስለናል፣ ቪዲዮው ግን ሌላ ያሳየናል።

ደረጃ 2፦ እግር፣ ለሁለት ሳምንት

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ምንም ነገር አትመቱም። አሰልቺ መሆኑን አውቃለሁ። ግን የቡጢ ኃይል የሚነሣው ከመሬት ነው፣ በእግርና በወገብ አልፎ ነው እጅ ላይ የሚደርሰው። እግሩ ካልቆመ ትከሻና አንጓ ብቻቸውን ይደክማሉ፣ ጉዳቱም እነሱ ላይ ያርፋል።

የፈረስ አቋም (ማ ቡ)

1. በጠመኔ መሬት ላይ አንድ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ጀምራችሁ ተረከዝ ከጣት እያገናኛችሁ በራሳችሁ እግር ሦስት ለኩና ሁለተኛ መስመር አድርጉ። በሁለቱ እግሮች መካከል የሚኖረው ርቀት ይህ ነው።
2. ሁለቱም እግሮች ወደፊት ይዩ። ወደ ውጭ አትክፈቷቸው።
3. ወንበር ላይ እንደምትቀመጡ ሆናችሁ ውረዱ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ መንገድ ብቻ። ጭን ከመሬት ጋር ትይዩ የሚሆነው በወራት ውስጥ ነው።
4. ጀርባ ቀጥ ይበል፣ መቀመጫ ወደ ኋላ አይውጣ፣ ጡጫ ወገብ ላይ ይረፍ።
5. 20 ሰከንድ ቆዩ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፉ። ሦስት ጊዜ። በየሳምንቱ 10 ሰከንድ ጨምሩ።

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ጉልበት ላይ ነው፣ ሲደክም ወደ ውስጥ ይወድቃል። ለዚህ አንድ ቀላል መሣሪያ አለች። ከአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ 1 ሜትር ተኩል ያህል ቆርጣችሁ ሁለቱን ጫፍ አጥብቃችሁ እሰሩና ከጉልበታችሁ ከፍ ብሎ ጭናችሁ ላይ አጥልቁት። ጎማው ጉልበታችሁን ወደ ውስጥ ሊስብ ይሞክራል፣ እናንተ ወደ ውጭ ትገፋላችሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ልዩነቱን በቪዲዮ ታያላችሁ።

የቀስት አቋም (ጎንግ ቡ)

ከፊት እስከ ኋላ አራት የእግር ርዝመት። የፊተኛው ጉልበት ታጥፎ ከእግር ጣቶች አይለፍ፣ የኋለኛው እግር ቀጥ ይበል፣ ተረከዙ መሬት አይልቀቅ። ወገብ ወደፊት ይዙር። በሁለቱም በኩል እየቀያየራችሁ ሥሩ።

ጉልበት ውስጥ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ወዲያው ከፍ በሉ። ጭን ላይ የሚያቃጥል ድካም ችግር የለውም። ውጋት ግን ምልክት ነው። ከፍ ብላችሁም ካልተወ ለዚያ ቀን አቁሙ።

እንጨት ላይ ቆሞ መራመድ የሚያምራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሜይ ሁዋ የሚባለውን የአበባ ቅርጽ መሬት ላይ ሥሩት፦ መሐል አንድ ክብ፣ ዙሪያውን አራት፣ ከመሐሉ ግማሽ ሜትር ያህል እየራቁ። ሳታዩ ከክብ ወደ ክብ ተራመዱ። እግር ከክቡ ውጭ ሲያርፍ እንጨት ላይ ብትሆኑ ወድቃችሁ ነበር ማለት ነው። ይህን ሳትስቱ ሳትሠሩ ጡብ ላይ እንኳን አትውጡ።

ደረጃ 3፦ የግድግዳ ከረጢት መሥራት

ዊንግ ቹን በሚባለው የኩንግ ፉ ስልት ብዙ የሚሠራበት መሣሪያ ይህ ነው። ጠፍጣፋ ነው፣ አይወዛወዝም፣ ቦታ አይዝም። አንጓ ጠማማ ከሆነ በመጀመሪያው ምት ይነግራችኋል።

የሚያስፈልጋችሁ፦ ጠንካራ ሸራ ወይም ድርብ የተደረገ አሮጌ ጅንስ፣ ናይለን ክር፣ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነና 2 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ፣ አራት ብሎን ከነፊሸሩ፣ ቁራጭ ብርድ ልብስ፣ እና 4 ኪሎ ያህል ማሾ ወይም ምስር።

1. 34 በ34 ሳንቲ የሆኑ አራት ጨርቆች ቁረጡ። ሁለቱ ለውስጠኛው ከረጢት፣ ሁለቱ ለውጨኛው። ከውጨኛዎቹ አንዱን በአንድ በኩል 8 ሳንቲ አስረዝሙት፣ ጣውላው ላይ የሚያያዘው እሱ ነው።
2. ከጠርዙ 2 ሳንቲ ገባ ብላችሁ ሦስቱን ጎን ስፉ። ከዚያ ግማሽ ሳንቲ ወጣ ብላችሁ ድገሙት። አንድ ስፌት ብቻ ከሆነ በወር ውስጥ ይተረተራል። ገልብጡት፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ ይግባ።
3. ጥራጥሬውን አበጥሩና አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት። እርጥበት ካለው ይሻግታል፣ ነቀዝም ይገባበታል።
4. ውስጠኛውን ሙሉና አፉን በገመድ እሰሩ። አትስፉት፣ በኋላ ትቀይሩታላችሁ። ሲተኛ ውፍረቱ 8 ሳንቲ አካባቢ ይሁን።
5. አውራ ጣታችሁን ጫኑበት። እስከ መጀመሪያው መገጣጠሚያ መግባት አለበት። ካልገባ ከልክ በላይ ሞልቷል፣ ቀንሱ። ሙሉ ለሙሉ ገብቶ ጀርባውን ከነካ ጨምሩ።
6. ውጨኛው ውስጥ አስገቡት። ጣውላው ላይ ብርድ ልብሱን አጥፋችሁ አንጥፉ፣ ከረጢቱን በላዩ አድርጉና የተረፈውን 8 ሳንቲ ከጣውላው አናት ጋር አያይዙ። የታችኛውንም ሁለት ጥግ በገመድ ያዙት፣ አለበለዚያ ስትመቱት ይንጠለጠላል።

አሰቃቀል። በፈረስ አቋም ቁሙና ቡጢ ዘርጉ። የከረጢቱ መሐል ቡጢያችሁ የሚያርፍበት፣ ከደረት አጥንት የታችኛው ጫፍ ጋር ትይዩ የሆነው ቦታ ይሁን። ቆማችሁ ለክታችሁ ከሰቀላችሁት ከፍ ይልባችኋል፣ ትከሻችሁም ይነሣል። ጣውላውን በአራቱም ጥግ በብሎን እሰሩ። ሚስማር አትጠቀሙ፣ ምቱ ቀስ በቀስ ያወጣዋል፣ አንድ ቀን የሚስማሩን ራስ ትመታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት በላይ ወይም በታች ባለው ቀጥታ መስመር ግድግዳ አትብሱ፣ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው የሚያልፈው። ቧንቧ ያለበትንም ተዉ። ስስ የመከፋፈያ ግድግዳ ላይ አይሆንም። ከመጀመሪያው ምት በፊት ጣውላውን በሁለት እጅ ይዛችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ወደ ራሳችሁ ሳቡት። ከተነቃነቀ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ደረጃ 4፦ አመታት

አራት ጣቶችን ከጫፍ ጀምራችሁ አጥፉ፣ አውራ ጣት ከውጭ ይቆለፍ። አውራ ጣቱን ውስጥ የከተተ ሰው ይሰብረዋል። በዊንግ ቹን ጡጫው ቆሞ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚያርፈው፣ የሚነኩትም የታችኞቹ ሦስት የጣት መገጣጠሚያዎች ናቸው። በሌሎች ብዙ ስልቶች ደግሞ የላይኞቹ ሁለቱ ናቸው። የተማራችሁትን ያዙ፣ ሁለቱን አታደባልቁ።

1. መጀመሪያ ተደገፉ። ጡጫችሁን ከረጢቱ ላይ አሳርፋችሁ በዝግታ ክብደታችሁን ጫኑ፣ 10 ሰከንድ። አንጓው ከታጠፈ ገና አትምቱ። ይህን ለሦስት ቀን ብቻ ሥሩ፣ በየእጁ አሥር ጊዜ።
2. ከዚያ በኃይላችሁ ሩብ ምቱ። በየእጁ 20። ክንድ ልፍስፍስ ብሎ ሄዶ ሲያርፍ ብቻ ይጨበጥ፣ ወዲያው ይፈታ።
3. ክርን ወደ ውስጥ ይግባ፣ በሰውነት መሐል መስመር ላይ ይጓዝ። ወደ ጎን የወጣ ክርን አንጓን ያጣምማል።
4. ስትመቱ በአፍንጫ አጭር ትንፋሽ አውጡ። ትንፋሽ ይዛችሁ አትምቱ።
5. በየሳምንቱ በእያንዳንዱ እጅ 10 ጨምሩ። ኃይሉን ግን ከግማሽ አታሳልፉ፣ ቢያንስ ለሁለት ወር።

በሁለት የምት ቀናት መካከል 48 ሰዓት ይለፍ። እጃችሁ ደህና ቢመስልም። ቆዳ ቶሎ ይለምዳል፣ አጥንትና ጅማት ግን ይዘገያሉ፣ ሰው የሚታለለውም በቆዳው ነው።

ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁን ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ጣቶቻችሁን ክፈቱ፣ ዝጉ፣ አንጓውን በሁለቱም አቅጣጫ አዙሩ።

ከሦስት ወር በኋላ ጥራጥሬውን በሩዝ ወይም በጥሩ አሸዋ እቀይራለሁ የሚል ካለ፣ የእኔ ምክር አትቸኩሉ ነው። አሸዋ ከጥራጥሬ እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ደግሞም እየጠበበ ይጠጥራል። ጥራጥሬው ለብዙዎቻችን ዕድሜ ልክ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ የሚንጠለጠል ከረጢት

ለእርግጫና ለእንቅስቃሴ ይህ ያስፈልጋል። ትልቁ ስሕተት አሞላሉ ነው። ከዳር እስከ ዳር 30 ሳንቲ የሚሰፋና 1 ሜትር የሚረዝም ክብ ከረጢት 70 ሊትር ያህል ይይዛል። በአሸዋ ብትሞሉት ከ100 ኪሎ ያልፋል። ምሰሶ እየመታችሁ ነው ማለት ነው። በአሮጌ ልብስ ጥብቅ ተደርጎ ሲሞላ ግን ከ20 እስከ 28 ኪሎ ይመጣል፣ ለጀማሪ ልክ ነው።

1. ከልብሱ ላይ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ የቀበቶ ዘለበት በሙሉ ቁረጡ። አንድ የጃኬት ዚፕ ከጨርቁ ስር ሆኖ የእግሬን ጀርባ ሰንጥቆኛል፣ ጠባሳው ዛሬም አለ።
2. ልብሱን በቁመት ቁረጡና ጠፍጣፋ አድርጋችሁ አንጥፉ። ጠቅልላችሁ አትክተቱ፣ ጉብታ ይሠራል።
3. በየ15 ሳንቲው ቆም ብላችሁ በወፍራም ዱላ ጠቅጥቁ። ላብ የሚያወጣው ሥራ ይህ ነው፣ ግን ከረጢቱ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግል የሚወስነው እሱ ነው።
4. ክብደት ከፈለጋችሁ 1 ኪሎ አሸዋ በድርብ ላስቲክ ቋጥራችሁ በፕላስተር ጠቅልሉና መሐል መሐሉን ብቻ አስገቡ። በዙሪያው ቢያንስ 10 ሳንቲ ልብስ ይኑር። የታችኛው ሲሶ ላይ አሸዋ አይግባ፣ ቅልጥማችሁ የሚያርፈው እዚያ ነው።
5. አፉን አጥፋችሁ ስፉና አራት የገመድ ማንጠልጠያ በእኩል ርቀት አድርጉ። አራቱ ከላይ አንድ ቀለበት ላይ ይገናኙ።

ኮርኒስ ላይ አትስቀሉ። ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ወራጅ ወይም ጠንካራ የውጭ ምሰሶ ፈልጉ። የሚወዛወዝ ነገር ቆሞ ከሚመዝነው በላይ ይጎትታል። ስለዚህ ከረጢቱን ከመስቀላችሁ በፊት ገመዱን አንድ ጎልማሳ ሰው ይንጠልጠልበት፣ እግሩ ከመሬት ትንሽ ብቻ ለቅቆ። ከተንቋቋ ወይም አቧራ ካራገፈ ይቅር።

በገመዱና በከረጢቱ መሐል ሦስት አራት ድርብ የተደረገ ከመነዳሪ አስገቡ፣ ምቱን ይውጣል፣ ቤቱም አይንቀጠቀጥም። ከጎኑ ትንሽ ረዘም ያለ ሁለተኛ ገመድ እሰሩ። ጎማው አንድ ቀን ይበጠሳል፣ ያን ቀን ከረጢቱ እግራችሁ ላይ እንዳይወድቅ።

እዚህ ጓንት ወይም ፋሻ ግዴታ ነው። የሚወዛወዝ ነገር ባላሰባችሁት አቅጣጫ ተመልሶ አንጓችሁን ያጥፋል።

ደረጃ 6፦ ዱላ

ቁመቱ ከመሬት እስከ ቅንድባችሁ ይሁን። ለጀማሪ የሚመቸው ይህ ነው። ውፍረቱ 3 ሳንቲ አካባቢ፣ አውራ ጣትና መሐል ጣት ዞረው የሚገናኙበት። ደረቅ፣ ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ የወጣበት ቋጠሮ የሌለው እንጨት ምረጡ። አንድ ጫፉን መሬት ላይ አድርጋችሁ መሐሉን በእግር ጫን በሉት። መታጠፍና መመለስ አለበት። የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ ተዉት። በብርጭቆ ወረቀት እጃችሁን ምንም እስከማይይዘው ድረስ አለስልሱትና በጨርቅ ስስ ዘይት አድርጉበት።

ዱላ ቤት ውስጥ አይሆንም። በሁሉም አቅጣጫ 3 ሜትር ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፣ ከላይም ጭምር። በመጀመሪያው ወር ማሽከርከር አትሞክሩ። ወደፊት መውጋት፣ ከላይ ወደ ታች መምታት፣ ወደ ጎን መከላከል፣ እያንዳንዱን በቀስት አቋም 20 ጊዜ። ከመጀመራችሁ በፊት ሁልጊዜ ዱላውን በመዳፍ ዳብሱት። ስንጥቅ ካለ እዚያው ጣሉት። የተሰነጠቀ ዱላ ሲሰበር የሚበርረው ጫፍ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ደረጃ 7፦ የመጨበጥ ኃይል

ቀላል ናት። አፉ ሰፋ ያለና ጠርዝ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ባዶውን በአምስት ጣት ጫፍ ከላይ ያዙና አንሱት። በየእጁ 30 ሰከንድ። በየሦስት ቀኑ አንድ ብርጭቆ አሸዋ ጨምሩ። ብርጭቆና ሸክላ አትጠቀሙ፣ ይወድቃል፣ ሁልጊዜም የሚወድቀው እግር ላይ ነው።

መያዣ ያለው ባለ 3 ሊትር ጀሪካን በደረቅ አሸዋ ሲሞላ 5 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ይህ በቻይና ሺ ሱዎ (የድንጋይ ቁልፍ) የሚባለውን፣ መያዣ ያለውን የድንጋይ ክብደት ይተካል። በፈረስ አቋም ሆናችሁ በሁለት እግር መሐል ወዝውዙትና እስከ ደረት አንሱት። መወርወሩንና መቅለቡን ለኋላ አቆዩት።

ስለ እንጨት ሰውስ? ሦስት ክንድና አንድ እግር ያለው የዊንግ ቹን ማሠልጠኛ ማለቴ ነው። ፎርሙን የሚያስተምራችሁ ሰው ከሌለ አትሥሩት። የክንዶቹ ርቀትና ማዕዘን ትንሽ ከተዛባ የምትለምዱት ስሕተቱን ነው፣ በኋላ ማረም ደግሞ ከመማር ይከብዳል።

ሳምንቱን እንዴት ላከፋፍል?

10 ደቂቃ ማሟሟቂያ በየልምምድ ቀኑ ግዴታ ነው፦ ገመድ ዝላይ ወይም ቦታ ላይ ሩጫ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ አንጓ። አቋም በሳምንት አምስት ቀን። የግድግዳ ከረጢት ሁለት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞና ሐሙስ። የሚንጠለጠለው አንድ ቀን፣ ቅዳሜ። ዱላና ጀሪካን በቀሩት። አንድ ቀን ሙሉ ዕረፉ። የአንዱ ቀን ልምምድ በጠቅላላ ከ45 ደቂቃ አይለፍ። ሁለት ሰዓት ሠርቶ አራት ቀን ከሚተኛ ሰው ይልቅ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚሠራ ሩቅ ይሄዳል፣ ይህን በብዙ ጓደኞቼ ላይ አይቻለሁ።

ሲበላሽ ምን ላድርግ?

የጣት መገጣጠሚያ ቆዳ ከተላጠ፦ እጠቡት፣ ሸፍኑት፣ እስኪድን አትምቱ። ከረጢቱንም እጠቡት። ቆዳው ደጋግሞ የሚላጥ ከሆነ ጡጫችሁ ከረጢቱ ላይ እየተንሸራተተ ነው፣ አቅጣጫው ቀጥ አይደለም።

በማግሥቱ ጠዋት እጅ ካበጠ፦ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ አንድ ሳምንት ዕረፍት። ስትመለሱ ከመደገፍ ጀምሩ።

በአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ስትጫኑት የሚያምም ከሆነ፦ አትጠብቁ፣ ራጅ ተነሡ። እዚያ ያለችው ትንሽ አጥንት ስትሰነጠቅ እንደ ወለምታ ትመስላለች፣ ካልታከመች ደግሞ ሳትገጥም ልትቀር ትችላለች። የትንሿ ጣት መገጣጠሚያ ከገባ ወይም ጣቷ ስትጨበጥ ከተጣመመችም እንደዚሁ። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ አታሳሹት።

ጣት ከደነዘዘ፦ ያን ቀን አቁሙ። በማግሥቱም ካልለቀቀ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የግድግዳው ከረጢት ውስጥ እብጠት መሰል ጠጣር ነገር ከተሰማ፦ ጥራጥሬው ተሰባብሮ ዱቄት ሆኗል፣ እርጥበትም ይዞ ተጋግሯል። አፍስሱት፣ በወንፊት ንፉት፣ የጎደለውን ሙሉ። ምንም ባይሰማም በየስድስት ወሩ ይቀየር።

የሚንጠለጠለው ወደ ታች ከተጫነ፦ አውርዱት፣ ገልብጣችሁ ስቀሉት። ለዚህ ብላችሁ ከታችም ማንጠልጠያ ብትሰፉለት ያዋጣል። ሁለት ጊዜ ከገለበጣችሁ በኋላ ግን ከፍታችሁ እንደገና ጠቅጥቁ።

ስፌት ከለቀቀ፦ በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትቀጥሉ። ፕላስተሩ ጫፉ ይቆማል፣ ቆዳ ይቆርጣል። ባዶ አድርጋችሁ ስፉት።

ገመዱን፣ ብሎኑንና ከመነዳሪውን በየወሩ መጀመሪያ ቀን አንድ በአንድ በእጅ ዳብሱ። ጎማው ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ካያችሁ የዚያኑ ቀን ቀይሩት።